ይፍቱኝ

ግምገማው ሲቃረብ ለባለቤቴ ለክንዱ የእስር ቤት ስንቅ አሰናዳሁ። በሶ አስፈጨሁ፣ ብርድ ልብሱን አጠብኩ፣ ወፍራሙን ሹራብ ከሣጥን አወጣሁ። ሁሉንም በአንድ ማዳበሪያ ከተትኩና ከበሩ ጀርባ አቆምኩት። ከሥራ ሲገባ አየው።

«ምነው ይመኙሽ፣ ልታባርሪኝ ነው?»

«ከአዳራሹ ይዘውህ ቢሄዱስ?»

«እኔን? ምን አጥፍቼ?»

«ከጎረቤት ቀበሌ የወሰዱትስ ምን አጥፍቶ ነው?»

ደርግ ከወደቀ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ጎንደር ውስጥ ሥልጣን የያዘ ሁሉ በየተራ ሕዝብ ፊት እየቆመ ይገመገም ነበር። ከጎረቤት ቀበሌ ሁለት ሰዎች ግምገማ ገብተው አንዱ ሽጉጡን ተቀምቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሌላውን ከአዳራሹ በር ላይ ማኪና ጭኖት ሄደ። ኮሶዬ መንገድ ላይ ወዳለው ማሰልጠኛ ወሰዱት ይባላል፤ ሚስቱ ግን ዓይኑን አላየችም። ልጃችንን እስከዳርን ሳጠባ የማስበው ያቺን ሴት ነበር።

ክንዱ ከኮሶዬ በላይ ካለ የገበሬ ቤት የተወለደ ነው። በደርግ ዘመን ጫካ ገብቶ ከታጋዮቹ ጋር ዓመታት ቆየ፤ ከነሱው ጋር ጎንደር ገባ፤ የቀበሌያችን የጸጥታ ኃላፊ አደረጉት። ፊደል አይለይም፤ ወረቀት የማነብለት እኔ ነኝ። የሚፈርመው በአውራ ጣቱ ነው።

ይህን ከተማው ሁሉ ያውቃል። በሰፈራችን ሀብተሥላሴ የሚባል የግብርና ባለሙያ ነበር፤ ፒያሳ ካፌ ተቀምጦ «ፊደል ያልቆጠረ መንግሥት መጣብን» ይላል። ክንዱ በዚያ ሲያልፍ ካየው ጠርቶ ወረቀት ይሰጠዋል።

«አያ ክንዱ፣ መነጽሬን ረስቼ ነው፤ እስቲ ይቺን አንብብልኝ።»

ክንዱ ወረቀቱን ገልበጥ አድርጎ ያይና «ማኅተም አለው፤ ሸጋ ነው» ብሎ ይመልስለታል። ጠረጴዛው በሳቅ ይፈርሳል። ከዚያ ወዲህ ፒያሳ ላይ ያማረ ነገር ሁሉ «ማኅተም አለው» ተባለ። ማኪያቶውም፣ ሴቷም፣ ጫማውም።

የተማሩት ታጋዮች ደግሞ ሳቃቸው ድምፅ የለውም እንጂ ከሀብተሥላሴ አይለዩም። አላምረው ዩኒቨርሲቲ አቋርጦ ጫካ የገባ ሰው ነው። እዚያ የክንዱ አለቃ ነበር፤ ከተማ ከገቡ በኋላም ትልቅ ሹም ሆነ። የእስከዳር ክርስትና ዕለት ቤታችን መጥቶ ጠላ እየጠጣ፣ «ይመኙሽ፣ ባልሽን ጫካ ውስጥ ምን እንለው እንደነበር ታውቂያለሽ? ካርታችን! ከዚህ እስከ ሊማሊሞ ግርጌ የፍየል መንገድ አታመልጠውም» አለኝ። ክንዱ ደስ ብሎት አንገቱን ደፋ። እኔ ግን ሰው ስለ በቅሎው ሲያወራ የሰማሁ መሰለኝ።

በግምገማው ዋዜማ አስቀምጬ አስጠናሁት።

«መጀመሪያ ሕዝቡ ይተችሃል። ዝም ብለህ ትሰማለህ። ከዚያ ግለ ሂስ አድርግ ይሉሃል።»

«ግለ ሂስ ምንድን ነው?»

«ጥፋትህን በራስህ አፍ ትናገራለህ።»

«እንደ ንስሐ?»

«እንደ ንስሐ አይደለም። ትንንሽ ጥፋት ነው የሚነገረው። ‹አልፎ አልፎ አረፍዳለሁ› በል። ‹ቁጡ ነኝ› በል። ከዚያ ‹ሂሱን ተቀብያለሁ› ብለህ ትቀመጣለህ።»

«እኔ አርፍጄ አላውቅም።»

«አውቃለሁ። ቢሆንም በል።»

ከጫካ ከወጣ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ከቅጥሩ በር አያልፍም፤ ከውጭ ተሳልሞ ይመለሳል። ምነው ስለው «አልነጻሁም» ብቻ ነበር መልሱ። ንስሐ ግባ፣ ቄስ አለልህ ብለው «ያሰረኝ ቄስ አይደለም» ይለኛል። ያን ቀን ግን ቀና ብሎ አየኝና፣ «ያላጠፋሁትን ተናዝዤ ያጠፋሁትን ልተው ነው የምትይኝ?» አለ።

«ያጠፋኸው ምንድን ነው?»

«ለነሱ ለታጋዮቹ ነው የማልኩት። ለነሱ ነው የምናገረው።»

ከዚህ በኋላ ምንም ብል አልሰማኝም። ማዳበሪያው ላይ አንድ ካልሲ ጨመርኩበት።

አዳራሹ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ነው። ነዋሪው ሁሉ እንዲገኝ ስለታዘዘ እኔም እስከዳርን ታቅፌ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ። ከአጠገቤ እትዬ ሐዲጃ ነበሩ። ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ግድግዳችን አንድ ነው። ልጃቸው ጃቢር ከትምህርት ቤት ወጥቶ ጫካ እንደገባ አልተመለሰም። ከታጋዮቹ ድርጅት የመጣ አንድ ሰው «ለትምህርት ውጭ አገር ተልኳል» ብሏቸው በዚያው ይጠብቁታል። ክንዱን ባዩት ቁጥር «የኔ ልጅ፣ ጃቢርን በዚያ አላየኸውም?» ይሉታል። እሱም መሬት መሬት እያየ «አላየሁም እትዬ» ይላል።

መጀመሪያ የተገመገመው ዳኛው የሚባለው የቀበሌው ሊቀ መንበር ነበር፤ የቀድሞ አስተማሪ ነው። የመንግሥት ቆርቆሮ ቤቱ ጣሪያ ላይ እንዳለ የማያውቅ ሰው አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። ተነሥቶ፣ «ግለ ሂስ አደርጋለሁ። ስብሰባ ስለማበዛ ለቤተሰቤ ጊዜ አልሰጥም። ራሴንም አላሳርፍም» አለ። አላምረው ከመድረኩ ራሱን ነቀነቀ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ዳኛው ሂሱን ውጦ ተቀመጠ።

«ታጋይ ክንዱ» አለ አላምረው።

ክንዱ ከፊት ቆመ። ጠመንጃውን በትከሻው እንዳነገተ ነው። ሀብተሥላሴ እጁን አወጣ።

«እኔ የምለው ሰውየውን ለመንካት አይደለም። ጥሩ ሰው ነው። ነገር ግን ሕግ የማያነብ ሰው ሕግ ሊያስከብር እንዴት ይችላል? ይቺን ጥያቄ ለመድረኩ አቀርባለሁ።»

አላምረው ብድግ አለ። የሚናገረው እንደ መምህር ቀስ እያለ ነው።

«የቀረበው ሂስ ትክክል ነው። ክንዱ ልምድ አለው። መንገድ ያውቃል፣ ውሃ ያለበትን ያውቃል፣ ማን የማን ዘመድ እንደሆነ ያውቃል። ይህ ግን ልምድ ነው፤ እውቀት አይባልም። እውቀት የሚሆነው ንቃት ሲጨመርበት ነው። ክንዱ፣ ንቃትህ ዝቅተኛ ነው ተብሏል። ምን ትላለህ?»

«እኔ ጥበቃ ላይ ተኝቼ አላውቅም» አለ ክንዱ።

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ሀብተሥላሴ ጭኑን እየመታ «ነቅቶ ነው ያደረው!» አለ። አላምረውም አብሮት ሳቀ። እነዚህ ሁለት ሰዎች ሰላም እንኳ አይባባሉም ነበር፤ አንዱ ሌላውን የጫካ ወሮበላ፣ ሌላው አንዱን የደርግ ትራፊ ይለዋል። ያን ቀን ዓይን ለዓይን ተያይተው ሲስቁ አየሁ።

«እሺ፣ ግለ ሂስህን አድርግ» አለው አላምረው።

አልፎ አልፎ አረፍዳለሁ በል፣ አልኩ በልቤ። ቁጡ ነኝ በል።

ክንዱ ጠመንጃውን አውርዶ መሬት ላይ አጋደመው። ጋቢውን ቤተ ክርስቲያን ደጅ እንደሚያደርገው መስቀለኛ አጣፋው። ከዚያ ተንበረከከ።

«ተነሥ! እዚህ መንበርከክ የለም» አለው አላምረው።

ተነሣ።

«ጫካ እያለን አንድ ልጅ ነበር» አለ። «የጎንደር ልጅ ነው፤ የተማረ። ስሙ ጃቢር ይባላል።»

እትዬ ሐዲጃ ክንዴን ያዙኝ።

«የገበሬው እህል ሳይጠየቅ ምነው ይወሰዳል ብሎ በስብሰባ ተናገረ። ከዚያ አንተ፣ አላምረው፣ ልጁን ገደል አፋፍ ወስደህ ጨርሰህ ና አልከኝ። እኔ እሺ አልኩ። እጁን አስሬ ወሰድኩት። መንገድ ላይ የእናቱን ነገር አወራኝ። አልቻልኩም። ፈታሁት። በዚህ ስንጥቅ ግባ፣ ውሃውን ይዘህ ውረድ አልኩት። ወደ ሰማይ ተኩሼ ተመለስኩና ጨረስኩ አልኳችሁ። ለድርጅቱ ምዬ ነበር፤ ምዬ ዋሸሁ። እናቱ በየቀኑ ስትጠይቀኝም አላየሁም እያልኩ ዋሸሁ። ይኸው ነው። ሌላ የለብኝም።» አንገቱን ደፋ። «ይፍቱኝ።»

አላምረው ጥቂት ካየው በኋላ፣ «ገና ሳናስርህ?» አለ።

መጀመሪያ ሀብተሥላሴ ሳቀ። ከዚያ የፊት ወንበሩ፣ ከዚያ የኋላው፤ የሚስቁበትን ያልሰሙት እንኳ ሳቁ። ክንዱ አንገቱን እንደደፋ ነበር። ንስሐ የገባ ሰው የሚጠብቃትን ያቺን «ይፍታህ» የምትል ቃል እየጠበቀ ነበር።

እትዬ ሐዲጃ ተነሡ። ነጠላቸው ከራሳቸው ወድቋል።

«ለቆታል! ሰማችሁ? ልጄን ለቆታል! አልሐምዱሊላህ! ልጄ አለ!»

«ይቀመጡ እናት» አለ አላምረው። ወደ ክንዱ ዞረ። «ያታለልከን መስሎህ ነው እስከ ዛሬ የኖርከው? ከታች ውሃው ዳር የኛ ልጆች ነበሩ። የዚያኑ ዕለት ያዙት። በዚያ ስንጥቅ መውረድ የሚቻል መሆኑን ካንተ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ስለዚህ ማን እንደለቀቀው ወዲያው አወቅን።»

ክንዱ ቀና አለ። «ታዲያ ልጁ?»

«የተወሰነው ተፈጸመ።»

«ታዲያ ምነው ያኔ ዝም አላችሁኝ?»

«መንገድ የሚያሳየን እንፈልግ ነበር። አሁን አንፈልግም።» ይህን ሲል አልተቆጣም። ተማሪ ለጠየቀው ጥያቄ መልስ እንደሚሰጥ ነበር። ወደ ሕዝቡም ዞሮ፣ «አያችሁ? መንገዱን ያውቃል፤ መንገዱ ወዴት እንደሚያደርስ ግን አያውቅም። ንቃት የጎደለው ልምድ ማለት ይህ ነው» አለ። የፊት ወንበር ላይ ያሉት ይህን ማስታወሻቸው ላይ ጻፉት።

«የት ቀበራችሁት?» አሉ እትዬ ሐዲጃ።

«አስተያየት ያለው እጁን ያውጣ።»

እጃቸውን አወጡ። እውነት እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ቆሙ። አላምረው ለሌላ ሰው ዕድል ሰጠ። ከዚያም ለሌላ። እሳቸው እጃቸውን አላወረዱም። ልብሳቸውን ሳብ አድርጌ «ይቀመጡ እትዬ» አልኳቸው፤ አልሰሙኝም።

«እንግዲህ» አለ አላምረው፣ «ታጋይ ክንዱ ከኃላፊነቱ እንዲነሣና ለንቃት ስልጠና እንዲገባ የምትደግፉ?»

የእጅ ጫካ ሆነ። ቆጣሪው በሴቶቹ በኩል ሲያልፍ የእትዬ ሐዲጃንም እጅ ቆጠረ። እኔ እስከዳርን በሁለት እጄ ይዤ ነበር። ከፊት ደግሞ ክንዱ ራሱ እጁን አውጥቷል።

«አንተ ምን ሆነህ ነው?» አለው ቆጣሪው።

«ቀኖናዬ አይደለም? ተቀበልኩ። ስንት ቀን ነው?»

ከዚህ በኋላ የነበረውን ሳቅ ልገልጸው አልችልም። ዳኛው እንባውን በመሐረብ እየጠረገ ነበር የሚስቀው።

በር ላይ ማኪና ቆሞ ነበር። ወደ ቤት ሮጬ ማዳበሪያውን ይዤ ደረስኩ። ጠባቂው በሶውን በእጁ አመሰቃቅሎ ፈተሸና አሳለፈልኝ። ክንዱ ከማኪናው ላይ ሆኖ ተቀብሎኝ ፈገግ አለ።

«ይኸ ማዳበሪያሽ ጠቀመ» አለኝ። «አትፍሪ ይመኙሽ። ቀለለኝ። ልጁን ግን...» ብሎ ሳይጨርስ ማኪናው ተንቀሳቀሰ።

በማግስቱ እትዬ ሐዲጃ መጡ። አብረን ልቅሶ ልንቀመጥ መስሎኝ ምንጣፍ ለማንጠፍ ተነሣሁ።

«ተዪው፤ አልቀመጥም» አሉኝ። «አንዲት ነገር ልጠይቅሽ ነው። ባልሽን ምን አደረግሁት?»

«ምን ያደርጉታል እትዬ? እሱ እኮ ጃቢርን ሊያተርፍ ነው ...»

«እስከ ትናንት ልጄ በሕይወት ነበረ። ለየኢዱ ልብስ አሰፋለት ነበር። አሁን ቁመቱ ጨምሯል እያልኩ አስረዝምለት ነበር። ባልሽ ኃጢአቱን ሊያራግፍ ልጄን ከጄ ነጠቀኝ። ያኔ ለቀቀው፤ ትናንት ገደለው። ለሱ ቀለለው። ለእኔስ?»

ምንጣፉን መልሼ ጠቀለልኩት።

«አላህ አንቺንም በር በር እያየሽ እንድትቀሪ ያድርግሽ» ብለው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ግድግዳችን አንድ ሆኖ ሳለ ሰላም ተባብለን አናውቅም። ርግማናቸው እንደሚደርስ ግን ገና ከአፋቸው ሲወጣ አውቄዋለሁ።

ኮሶዬ መንገድ ላይ ወዳለው ማሰልጠኛ እንድገባ የፈቀዱልኝ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። እስከዳርን አዝዬ በጭነት ማኪና ሄድኩ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ክንዱ ከስቷል፤ ፊቱ ግን የታመመ ሰው ፊት አይደለም።

«ያስተምሩሃል?» አልኩት።

«ያስተምሩብኛል።»

«ምን ማለት ነው?»

«አዲስ ሰልጣኝ በመጣ ቁጥር ከፊት አቁመው የጃቢርን ነገር ተናገር ይሉኛል። አስተማሪዎች ይመጣሉ፣ የቢሮ ሰዎች ይመጣሉ። እነግራቸዋለሁ። አላምረው ከጎኔ ቆሞ ያብራራል። ‹ይፍቱኝ› ስል ይስቃሉ።»

«አንተስ?»

«እኔማ ቀኖናዬ ነው እላለሁ። ሰው ፊት ማፈር ትልቅ ቀኖና ነው። ያ ልጅ በኔ መንገድ ሄዶ ነው የሞተው።»

እስከዳር ፊቷን ትከሻዬ ውስጥ ቀበረች። አላወቀችውም። ሊነካት እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው።

በዚያ መሐል የአላምረው ማኪና ገባ። ሲወርድ አየኝና ራሱ ወደ እኔ መጣ።

«ይመኙሽ፣ እንኳን መጣሽ።»

«ጌታዬ፣ መቼ ነው የሚፈታው?»

«ሲገባው። ከባድ አይደለም። ተነሥቶ ‹ገባኝ፤ ልጁን መልቀቄ ስሕተት ነበር› ይበል። የዚያኑ ዕለት ይዘሽው ትሄጃለሽ። በኛ ቋንቋ ስናስረዳው አልገባ አለው። አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ በሱ ቋንቋ አስረጂው።» ይህን ያለኝ ወገኑን እንዳገኘ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር።

ወደ ክንዱ ተመለስኩ።

«በል አሁን ሲጠሩህ ገባኝ በላቸው።»

«ምኑ ነው የገባኝ?»

«መልቀቅህ ጥፋት እንደነበር።»

«ጥፋቴ መዋሸቴ ነው እንጂ።»

«አውቃለሁ። አንዲት ቃል ናት ክንዱ። ‹ገባኝ› ብለህ ቤትህ ግባ። ካልክ ዛሬ ይዤህ እሄዳለሁ።»

«ሳይገባኝ ገባኝ ልበል? የገባሁት ንስሐ ሁሉ ይፈርሳል እኮ።»

«ልጅህስ? እይ፣ አባቷን አላወቀችም!»

እስከዳርን አያት። ዓይኑ ሞላ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ስላየሁ እሺ ሊለኝ ነው ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ያን ጊዜ ፊሽካ ተነፋ። ደብተር የያዙ አዲስ ሰልጣኞች ወደ ቆርቆሮው አዳራሽ መግባት ጀመሩ።

«ጠብቂኝ» አለኝና ጋቢውን እያጣፋ አብሯቸው ገባ።

ከአዳራሹ ጀርባ፣ ቆርቆሮው ሥር ቆምኩ። የአላምረው ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ የክንዱ። ስለ ልጁ ተናገረ፣ ስለ ስንጥቁ ተናገረ፣ ወደ ሰማይ ስለተኮሰው ተናገረ። ግንባሬን ከቀዝቃዛው ቆርቆሮ ላይ አስደግፌ «ገባኝ በል፣ ገባኝ በል፣ ስለ ማርያም ገባኝ በል» እላለሁ። ጥቂት ዝም አለ። ዝምታው ከግምገማው ቀን የረዘመ መሰለኝ።

«ይፍቱኝ» አለ።

ሳቁ ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። እስከዳር ከጀርባዬ ቀና አለች፤ ሰው ሲስቅ ስትሰማ እሷም ትስቃለች፣ ልጅ አይደለች። ሳቀች። በትንንሽ እጆቿም አጨበጨበች።